ያልደረሰው ሦስተኛ ገጽ

እንግዳወርቅ እባላለሁ። በአገራችን «የደረሱበት ጽሕፈት ቤት» በሚባለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቆጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከየትምህርት ቤቱ የወጡ ሰዎች የት እንደገቡ እየተከታተልኩ ቅጽ መሙላት ነበር። ቅጹ ሁለት ሣጥን ብቻ አለው፤ አንዱ «ደርሷል» ሌላው «ጠፍቷል» ይላል። ሰውየው የተማረው ትምህርት ስምና የሚሠራበት ቤት ስም አንድ ከሆነ ደርሷል፤ ካልሆነ ጠፍቷል። ዳቦ መጋገር ተምሮ ዳቦ ቤት የገባ ደርሷል። ዳቦ መጋገር ተምሮ ኬክ ቤት የገባ ጠፍቷል። በዚህ ረገድ አድልዎ አናውቅም። የራሳችን ዋና ቆጣሪ የተማሩት ንብ ማርባት ስለሆነ በመዝገባችን ላይ ከጠፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ቢሮ ግን በየቀኑ በሰዓታቸው ይገባሉ።

ከደረሱት ተማሪዎቹ ይልቅ የጠፉት የበዙበት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ሕንፃውም ለክብር ወንበሮች መጋዘን ይሰጣል። አገራችን በዓል ትወዳለች፣ በየበዓሉም አዲስ የክብር ወንበር ይሠራል። አሮጌውን መጣል ክብርን መጣል ስለሆነ አይጣልም። በዚያ ዓመት ወንበሮቹ መሄጃ አጥተው ኮሪደራችን ድረስ መጥተው ነበር። ወደ ጠረጴዛዬ ለመድረስ ሁለት ዙፋን መሻገር ነበረብኝ።

አንድ ሰኞ ዋና ቆጣሪው አስጠሩኝ።

«እንግዳወርቅ፣ ይህ የሲባጎ ቤት የሚሉት ስንት ሰው አስመርቋል?»

«አሥራ አንድ ይላል ጌታዬ።»

«ስንቱ ደረሰ?»

«ተቆጥሮ አያውቅም።»

«ቁጠር እንግዲህ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ኮሪደሩ ላይ እንዳደረጉ።

የሲባጎ ቤት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። በአገራችን ወሬ የሚተላለፈው በሲባጎ ነው። ከጣሪያ ጣሪያ ሲባጎ ተዘርግቷል፣ ጫፉ ላይ ቃጭል አለ። አንዱ ሲጎትት በሌላው ቤት ቃጭሉ ይጮኻል፤ የጩኸቱን ቁጥር ወደ ፊደል መመለስ ማንም የሚችለው ነገር ነው። ችግሩ ሲባጎው አንድ ሆኖ ጎታቹ ብዙ መሆኑ ላይ ነው። ሁለት ሰው እኩል ከጎተተ የሠርግ ጥሪና መርዶ ይቀላቀላል። እልል እያሉ ለቅሶ ቤት የገቡ ሰዎች አውቃለሁ። ይህን ጣጣ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች በከፍተኛ ትምህርት ግቢ ጓሮ አንዲት ዝቅ ያለች ቤት ነበረቻቸው። አንድ ሰው እዚያ ገብቶ ስድስት ዓመት ሲባጎ ሲያስር፣ ሲፈታና ሲያስብ ይቆይና ይመረቃል።

ስገባ አራት ሰዎች ረዥም ጠረጴዛ ከበው ሲባጎ ይፈታሉ።

«እንደምን አደራችሁ?» አልኩ።

አራቱም በአንድ ድምፅ «ደረሰኝ» አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ደረሰኝ ሲባል የማውቀው ሱቅ ውስጥ የሚቆረጠውን ወረቀት ብቻ ስለነበር ኪሴን ዳበስኩ።

«ይቀመጡ» አለኝ ከመካከላቸው ጢሙን ያሳደገ አንድ ጎልማሳ። ምንይችል እንደሚባል በኋላ ሰማሁ። ዝም ብዬ ወንበር ስፈልግ ስምንት ያህል ቆጠረና በዚያው ድምፅ «ይቀመጡ» አለ። ተቀመጥኩ። አሥራ ስድስት ያህል ቆጠረና «ይቀመጡ» አለኝ።

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«ደረሰኝ» አለ በትሕትና። ከዚያ ሠላሳ ሁለት ያህል ቆጥሮ «ይቀመጡ» አለኝ።

ሳላውቀው ልነሣ ስል ከኋላ ክፍል አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ ሴት ወጡ። የቤቱ ኃላፊ መምህርት የሺመቤት ናቸው።

«ደረሰኝ ይበሉትና ይገላገሉ» አሉኝ። «አለበለዚያ ቤትዎ ድረስ መጥቶ ይቀመጡ ይልዎታል።»

«ደረሰኝ» አልኩ። ምንይችል ፊቱ ፈካ፣ ወደ ሲባጎውም ተመለሰ።

መምህርት የቤቱን ልማድ አስረዱኝ። ሲባጎ ይበጠሳል፣ ሰውም ይዘነጋል፤ ስለዚህ የሰማ ሰው መስማቱን በአፉ ይናገራል። ካልተናገረ ላኪው ጥቂት ጠብቆ ይደግምለታል፤ አሁንም ዝም ካለ የበፊቱን እጥፍ ጠብቆ፣ ከዚያም የዚያን እጥፍ ጠብቆ ይደግማል። «ምናልባት ሰውየው ተጨንቆ ይሆናል» አሉ። «የተጨነቀ ሰው አይነዘነዝም፤ አይተውም ደግሞ።»

«ሦስት ነገር ተነግሮኝ መካከለኛው ቢያመልጠኝስ?»

«እስከ አንደኛው ደረሰኝ ይላሉ። ሦስተኛውን ቢሰሙትም ሰማሁ አይሉም። እኔም ከሁለተኛው እጀምርልዎታለሁ።»

የመጣሁበትን ጉዳይ ነገርኳቸው። ከአሥራ አንዱ ምሩቆች የጠፉት ከበዙ ቤቱ እንደሚዘጋም አልደበቅኳቸውም። መምህርት እዚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል፤ የሚኖሩትም ያቺው የወጡባት የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። ቤቱ ከተዘጋ ሥራቸውም ማደሪያቸውም አንድ ቀን ይሄዳል።

«ደረሰኝ» አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ወረደ። ከዚያ የአሥራ አንዱንም አድራሻ በቃላቸው አጻፉኝ፣ የማን በር ወደ ውስጥ የማን ወደ ውጭ እንደሚከፈት ሳይቀር።

ቆጠራውን ከልሳነወርቅ ጀመርኩ። ልሳነወርቅ በታላቁ የሲባጎ መሥሪያ ቤት የሲባጎ ክፍል ኃላፊ ነው። ሰፊ ክፍል፣ ሰፊ ጠረጴዛ አለው። እሱም ሰፋ ብሏል።

«ሲባጎ ከነካሁ ሰባት ዓመቴ ነው» አለኝ ደስ ብሎት። «ሲባጎ የሚነኩት ታች ያሉት ናቸው። እነሱን የሚቆጣጠሩ አሉ። እኔ የምቆጣጠረው የሚቆጣጠሩትን ነው።»

«አይናፍቅህም?»

መሳቢያውን ከፍቶ ስንዝር የምታህል ሲባጎ አሳየኝ። ስብሰባ ሲረዝም ከጠረጴዛው ሥር ያስራል ይፈታል። ደህና ሰው ነው። ቅጼ ላይ «ደርሷል» ብዬ ሞላሁ፣ ልሳነወርቅም ወንበር አቀረበልኝ።

ከዚያ ወደ ድንበሩ ሄድኩ። ድንበሩ የገበያው ቦኖ ውሃ ላይ ሰልፍ አስከባሪ ነው። ያንን ቦኖ ድሮ አውቀዋለሁ፤ ጀሪካን ከሰው ራስ ጋር የሚጋጭበት ቦታ ነበር። አሁን ሰልፈኞቹ እየተጨዋወቱ ይቀዳሉ። ድንበሩ ያወጣው ሕግ ቀላል ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ አንድ ጀሪካን ይቀዳል። ጠብ ሳይነሣና ውሃ ሳይፈስ ከዋለ በማግስቱ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ይቀዳል። አንድ ሰው ከተጋፋ ወይም ውሃ ካፈሰሰ ግን የሰልፉ ሰው ሁሉ ድርሻ በግማሽ ይወርድና እንደገና ቀስ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የሚጋፋን ሰው የሚቆጣው ድንበሩ ሳይሆን ሰልፉ ነው። በሦስት ዓመት አንድ ሰው ብቻ ተጋፍቷል፤ እሱም ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ነበር አሉ።

«ስድስት ዓመት ሲባጎ ተምረህ ቦኖ ላይ መቆም አልከበደህም?» አልኩት።

«ደረሰኝ» አለና አሰበ። «እኔ የተማርኩት ብዙ ሰው አንድ ነገር እኩል ሲጎትት ምን ይደረጋል የሚለውን ነው። እዚህም ይጎትታሉ። ሲባጎው ውሃ ሆነ እንጂ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው።» ከዚያ ምሳውን ከፍቶ ለሁለት ከፈለው። ከበላን በኋላ «ጠፍቷል» ብዬ ሞላሁ። ቅጹን አየው፣ አልተቀየመም። «እዚህ መሆኔን ግን ያስታውሱ» አለኝ።

ይመኙሻል ሹሩባ ሠሪ ናት። ሙሽሮች ከሦስት ወረዳ ወደ እርሷ ይመጣሉ፤ ምክንያቱም እርሷ የሠራችው ሹሩባ አንዱ ጉንጉን ቢፈታ ሌላው ተሸክሞት ያድራል። ይህንንም የተማረችው ሲባጎ ቤት ነው። አንዱ መንገድ ሲቆረጥ ወሬው በየት ዞሮ ይሂድ እያለች ስድስት ዓመት ስትጨነቅ ኖራ፣ አንድ ቀን የጓደኛዋን ራስ ስትሠራ መልሱን አገኘችው። ደንበኞቿ ደግሞ ከእርሷ ጋር ሲውሉ «ደረሰኝ» የሚለው ቃል ተጋብቶባቸው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። በዚያ ሰፈር አሁን ሚስቱ ስትናገር እንዳልሰማ መሆን የሚችል ባል የለም። ባሎች ተሰብስበው ለጽሕፈት ቤታችን አቤቱታ አስገብተዋል፤ እኔው ነኝ የተቀበልኩት።

«መምህርት ደህና ናቸው?» አለችኝ እጇ ሳያርፍ። «ምሳ በሰዓቱ ይበላሉ?»

«አላየሁም።»

«አይበሉም ማለት ነው» አለችና እኔን ምሳ አበላችኝ። ጠፍታለች ብዬ ሞላሁ።

የቀሩትም እንዲሁ ነበሩ። አንዱ የእድር ለፋፊ ሆኗል፤ እሱ የለፈፈው ለቅሶ ከሌላ ለቅሶ ጋር ተቀላቅሎ አያውቅም። አንዷ ከወንዙ ማዶ ተሻግራ ቃጭል አቅላጭ ሆናለች፣ ሦስት ልጆችም አሏት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ጠግቤ የበላሁበት ቆጠራ አላስታውስም። በመጨረሻ አንድ ደርሷል፣ አሥር ጠፍተዋል። ከጠፉት አሥር ዘጠኙ ምሳ አብልተውኛል፣ አሥረኛው ጾም ላይ ነበር።

ዋና ቆጣሪው ውጤቱን ሲሰሙ የመዝጊያ ደብዳቤ በዚያው ቀን ተጻፈ። በአገራችን የመዝጊያ ደብዳቤ ለተቀባዩ በቃል ይነበባል፤ ተቀባዩ መቀበሉን ሲናገር ይጸናል። እስካሁን ያነበብኩላቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ እንባ ያላቸው አልቅሰው፣ ተቀብለናል ይላሉ። እኔም ለማንበብ ሄድኩ። እግሬ ከብዶኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

አራቱ ተመራማሪዎች ቆመው፣ መምህርት እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠው አዳመጡኝ። አንደኛው ገጽ የቤቱን ስም ይናገራል። ሁለተኛው ስንት እንደደረሰና ስንት እንደጠፋ ይናገራል። አራተኛው ቀንና ማኅተም ነው። አንብቤ ጨረስኩ።

«እስከ ሁለተኛው ደረሰኝ» አሉ መምህርት።

«ምን አሉኝ?»

«እስከ ሁለተኛው ገጽ ደረሰኝ። ሦስተኛው አልደረሰኝም።»

ወረቀቱን አየሁት። አንድ፣ ሁለት፣ አራት ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያ ሳነብ አንድም ሰው አልቆጠረውም፤ እኔም ጭምር። በመመሪያችን ሦስተኛው ገጽ «በዚህ የተነሣ የደረሰ ጉዳት» የሚል ርእስ አለው። የጠፉት ሰዎች መጥፋታቸው አገሪቱን ምን እንደጎዳት የሚገልጽ ነው። ማንም ስለማይጠይቀው መጻፉ ቀርቷል።

«ልማድ ሆኖ ነው መምህርት። ሌላው ሰው ሁሉ ተቀብሏል።»

«ሌላው ሰው ደርሶት ይሆናል» አሉኝ። «ለእኔ አልደረሰኝም። ሲደርሰኝ ደረሰኝ እላለሁ፤ በዚህ አይጠራጠሩ።»

ነገሩን ለዋና ቆጣሪው ስነግራቸው ደነገጡ። መመሪያውን አስመጥተው አገላበጡት። «ያየሃቸው አንተ ነህ» አሉኝ። «ጉዳቱን አንተ ጻፈው።»

ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ታገልኩ። «የድንበሩ መጥፋት አገሪቱን» ብዬ እጀምርና የሰጠኝ ግማሽ ምሳ ትዝ ይለኛል። «የይመኙሻል መጥፋት» እላለሁ፤ ከዚያስ? የባሎችን አቤቱታ እንዳልጠቅስ እኔም ባል ነኝ፣ አፈርኩ። ያለሁበት አጣብቂኝ ግልጽ ነበር። አንድ ረብ የለሽ ዓረፍተ ነገር እንኳ ብጽፍ መምህርት ደረሰኝ ይላሉ፣ ቤቱም ይዘጋል። ካልጻፍኩ ደግሞ ሥራዬን አልሠራሁም። በአራተኛው ቀን ወደ ሲባጎ ቤት ሄጄ ገጹን መጻፍ እንዳቃተኝ ተናገርኩ።

መምህርት እፎይ ይላሉ ብዬ ነበር። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ጎዶሎ መልእክት ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ እህል አይበላልኝም» አሉ። «ጉዳቱን እኔ ዐውቀዋለሁ። እኔ ልናገር፣ እርስዎ ይጻፉ።»

«መምህርት» አለ ምንይችል፣ «ይህን ካደረጉ ይዘጉናል።»

«ደረሰኝ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቃል በቃል አጻፉኝ፦ «ሠላሳ አንድ ዓመት ነገር እንዴት እንደሚደርስ አስተማርኩ። ምን መላክ እንዳለበት አንድ ቀን አላስተማርኩም። ልጆቼን መንገድ አሳይቼ ባዶ እጃቸውን ሰደድኳቸው። ጉዳት ካለ ይህ ነው።»

እውነት ብለው ያመኑትን ነው የተናገሩት፤ ሲናገሩም ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ምንይችል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የሲባጎ ቤት ሰው ካልሆነ በቀር በራሱ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ጎደለ ብሎ ራሱ የሚሞላ ሰው የትም አይገኝም።

ጽሕፈት ቤታችን ቃጭሉ እየረበሸ ስላስቸገረ ሲባጎውን ካስቆረጠ ቆይቷል። ስለዚህ ወረቀቱን ማድረስ የእኔ ፈንታ ሆነ። አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩና መንገድ ጀመርኩ። መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ቢሮ ሳይሆን ወደ ቤቴ ታጠፍኩና ወረቀቱን ከአልጋዬ ሥር ባለው የጫማ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ወረቀት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ያን ቀን ጠፋብኝ።

ለዋና ቆጣሪው ሦስተኛው ገጽ አልተገኘም አልኳቸው። «ፈልገው» አሉኝ፤ አንድ ዙፋን ላይ ደገፍ ብለው ሻይ እየጠጡ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላነሡትም።

መምህርት ግን መልስ ስላልመጣላቸው በስምንተኛው ቀን አስጠሩኝና ሌላ ወረቀት ሰጡኝ። ይህንን ራሳቸው ጽፈው አሽገውታል። ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት። አሥራ ስድስት ቀን ጠበቁና ሌላ ሰጡኝ። ከዚያ ሠላሳ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ስድሳ አራት። ሂሳቡ ሲገባኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። መልስ እስካልመጣ ድረስ የሚጠብቁት በየጊዜው እጥፍ እየሆነ ይሄዳል፤ እኔ ወረቀት በጣልኩ ቁጥር ቤቱ ዕድሜ ያገኛል። አምስተኛውን ከጣልኩ በኋላ አንድ መቶ ሃያ ስምንት ቀን ዝም አሉ፣ ከስድስተኛው በኋላ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። በመካከሉ አዳዲስ ተመራማሪዎች ገቡ፣ ምንይችል ተመርቆ እዚያው አስተማሪ ሆነ። እኔም ደልቶኝ ነበር። ሰው ሳያውቅልኝ አንድ ቤት በጫንቃዬ ተሸክሜ የቆምኩ መስሎኝ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ትንሽ እቆይ ነበር።

ሰባተኛውን ሲሰጡኝ «አሁንም መልስ የለም» አሉኝ።

«መንገዱ ይሆናል መምህርት» አልኩ ዓይኔን ሰበር አድርጌ።

«መንገዱ ከሆነ ምን ይደረጋል» አሉ። «መንገድ አይወቀስም።» በዚያም አምስት መቶ አሥራ ሁለት ቀን ጠበቁ።

ስምንተኛውን የተቀበልኩት ከመጀመሪያው ወረቀት ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ነሐሴ ላይ ነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ዝናብ አገኘኝ። ደርሼ ኮቴን ሳወልቅ የፖስታው ሙጫ ለቆ ወረቀቱ እጄ ላይ ተዘረጋ። ላደርቀው ብዬ ጠረጴዛ ላይ ሳሰጣው ዓይኔ ገባበት።

«ለአምስተኛ ጊዜ የቀረበ ማመልከቻ» ይላል። «የሲባጎ ቤት ጣሪያ ያፈሳል። በሕጉ መሠረት የመዝጊያ ደብዳቤው ያላለቀ ቤት ጥገና የጽሕፈት ቤታችሁ ኃላፊነት ስለሆነ፣ ሁለት ቆርቆሮና ጥቂት ምስማር እንዲሰጠን በትሕትና እጠይቃለሁ። የሺመቤት።»

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ካርቶኑን ጎትቼ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሁለተኛው በራሳቸው እጅ የተጻፈ ያው ያስጻፉኝ ቃል ነው። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ከዚህ በፊት የላክሁት ስሕተት ነው፤ እባካችሁ አትቀበሉት። ድንበሩንና ይመኙሻልን አስጠርቼ ምን መላክ እንዳለባችሁ ማን አስተማራችሁ አልኳቸው። ማንም አላስተማረንም፤ ሰው ዘንድ ስንደርስ እዚያው አገኘነው አሉኝ። ጉዳት ፈልጌ አጣሁ። ቤቱ እንዳይዘጋ እለምናለሁ።» ከአራተኛው ጀምሮ ሁሉም ስለ ጣሪያው ነው። አራተኛው «በአንድ በኩል» ያፈሳል ይላል። ስድስተኛው «በሦስት በኩል» ይላል።

እኔ ባልዲዎቹን አይቻቸዋለሁ። ወለሉ ላይ እዚህም እዚያም ተቀምጠው፣ ምንይችል አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ጠብታ ሲቆጥር ስላየሁት አዲስ ጥናት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። እንዲያውም አንድ ጊዜ «በርቱ» ብያቸዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑን በብብቴ ይዤ ሄድኩ። መምህርት አንድ ባልዲ ደፍተው ሲመለሱ አገኘኋቸው። ከሰውነታቸው ትንሽ ቀንሰዋል፤ ከክረምት ክረምት እርጥብ ክፍል ውስጥ ማደሩ መሆኑ አሁን ገባኝ።

«መምህርት፣ ወረቀቶቹ የጠፉት በእኔ እጅ ነው» አልኩ።

«ደረሰኝ» አሉ። ባልዲውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ሁሉም?»

«ስምንቱም። አንዱንም ቢሮ አላደረስኩም።»

«ለምን?»

«ቤቱ እንዳይዘጋ ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ያጻፉኝን አይቼ የቀሩትም እንደዚያው መስለውኝ ነበር።»

«ሳያነቡ?»

«ሳላነብ።»

ካርቶኑን ተቀብለው ከፈቱት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆዩ። ምንይችልና ሌሎቹ ከጠረጴዛው ተነሥተው ቆመዋል። ቁጣቸውን እየጠበቅኩ ሳለ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀና ሲሉ ሳቅ ነው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ሦስት ክረምት ባልዲ ደፋሁ» አሉኝ፤ አንተ ሲሉኝም ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። «አንተን መንገድ ነው ብዬ ነበር የያዝኩህ። ሰው መሆንህን ባውቅ ኖሮ ጣሪያ መውጣት ትችል እንደሆነ እጠይቅህ ነበር።»

«እችላለሁ» አልኩ።

ምንይችል መሰላሉን ያዘልኝ፤ ወጣሁ።